ዶሮ የሚባርክ ሰው ጠፋ

ከዋድላ የወጣን ዕለት ምሽት፣ የባሌ እናት እማማ የሺ ሁለት ጊዜ ከመኪናው ወርደው በራችንን ደግመው ዘጉት። ምን ይሰረቃል ብለው እንደሆነ እንጃ፤ ቤት ውስጥ የቀረው ባዶ ጎታ ነው። መዝጋቢው ሰውዬ፣ "ወደ ሰፈራ የምትሄዱት በፈቃዳችሁ ነው" አለን። "ባንፈቅድስ?" አልኩት። "ያኔም በፈቃዳችሁ ነው" ብሎ ስማችንን ጻፈ። ይህን የምጽፈው፣ እዚያ ለቀራችሁት፣ ወደን ጥለናችሁ የሄድን ለሚመስላችሁ ነው።

ባሌ ታደሰ አብሮን አልነበረም። ከሁለት ዓመት በፊት ከገበያ አፍሰው ለጦር ግንባር ወስደውታል። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤም መርዶም አልመጣም። እማማ በየጠዋቱ ቆመው "ልጄን ጠብቅልኝ" ይላሉ። እኔ ግን ጸሎት ትቼ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እግዜርን አኩርፌው ነው። ደግሞስ የታደሰን ስም በሕይወት ከቆሙት ጋር ልጥራው ወይስ ካረፉት ጋር? ይህን ሳላውቅ ምን ብዬ አፌን እከፍታለሁ?

የሰፈራውን ነገር ተዉት። እማማን ወባ ሲጥላቸው ማንንም ሳላስፈቅድ ይዣቸው ጠፋሁና፣ ከሊሙ ገነት ግማሽ ቀን የሚያስኬድ አንድ የቡና መንደር ገባሁ። አባ ኦሊ የሚባሉ ሙስሊም ሽማግሌ ጓዳቸውን አከራዩኝ።

"ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ሳልደብቅሽ ጣሪያው ያፈሳል" አሉኝ።

"ብዙ ነው የሚያፈሰው?"

"ኧረ ዝናብ ሲዘንብ ብቻ ነው።"

እዚህ ዝናቡ ከመጣ መሄጃውን አያውቅም። የኛ አገር ታኅሣሥ ውርጩ ጆሮ ይቆርጣል፤ የዚህ ታኅሣሥ ሙቅ ነው፣ ልብስ ይከብዳል። ገብስ አይታወቅም፤ የሚበላው በቆሎና ጎደሬ ነው። ሰዉ ግን ደግ ነው፣ ቋንቋውን ሳታውቂለት ያጎርስሻል።

የገና ጾም ገባ። እማማ በትኩሳት እየነደዱ ጾሙ። እኔም ስለሌለኝ አልበላሁም፤ እሱ ደግሞ ጾም አይባልም። የጤና ረዳቱ መጥቶ አያቸውና "መረቅ ነገር ካልቀመሱ አይሰነብቱም" አለኝ። ለመንኳቸው። "የገና ዕለት እፈታለሁ። የክርስቲያን እጅ ያልባረከውን ግን አልቀምስም" አሉኝ።

የገና ዕለት ጠዋት የአባ ኦሊ ሚስት አንዲት ዶሮ አምጥተው ሰጡኝ። እንግዲህ ታውቁታላችሁ፣ በኛ ወግ ሴት አታርድም። ክርስቲያኖቹ ወንዶች ደግሞ፣ በዓል ነው ሳይባል፣ ለቡና ለቀማ ዘመቻ ተነድተው ወደ መንግሥት እርሻ ሄደዋል። ሊሙ ገነት ድረስ ካህን ፍለጋ ብሄድ እማማን ለማን እተዋለሁ?

"እኔ ቢስሚላሂ ብዬ አርድልሽ ነበር" አሉ አባ ኦሊ፣ "ግን አሮጊቷ አይበሉልኝም።"

"እርስዎስ የኛን ይበላሉ?"

"አስተግፊሩላህ፣ እኔም አልበላም።"

ሁለታችንም ሳቅን፤ ዶሮዋን ታቅፌ ወጣሁ።

በመንደሩ የቀረ ሙስሊም ያልሆነ ወንድ ካድሬው ብቻ ነበር። በየሳምንቱ ሰብስቦ "አምላክ የለም" የሚለን እሱ ነው። አነጋገሩ ግን ከኛ ማዶ የሳይንት ሰው መሆኑን ያሳብቅበታል፤ እዚያ ደግሞ ሳይጠመቅ ያደገ የክርስቲያን ልጅ የለም። ከሰፈራ መጥፋቴን ካወቀ ይመልሰናል፣ እማማም መንገድ ላይ ይቀሩብኛል። ቢሆንም ሄድኩ።

"መሸኛሽስ?" አለኝ ገና ከበሩ።

"የለኝም፣ ጓድ።"

"መታወቂያስ?"

"እሱም የለኝም።"

"ታዲያ ምን ይዘሽ መጣሽ?"

"ዶሮ።"

የእማማን ነገር ነገርኩት። "አብዮታዊ ሰው እኮ ሃይማኖት የለውም" አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"እሱን አልጠየቅሁዎትም። ተጠምቀዋል ወይ ነው የምልዎት።"

ተነስቶ መንገዱን አየት አየት አደረገና በጓሮ በኩል አስገባኝ። ቆቡን አውልቆ ኪሱ ከተተ። ቢላዋ ይዞ ወደ ምሥራቅ ዞረ። "በስመ አብ" አለና ቆመ። ረስቶት ይሁን አፍሮ አላውቅም።

"ወወልድ" አልኩት።

"ወወልድ" አለ።

"ወመንፈስ ቅዱስ።"

እንዲህ እየተቀባበልን አረዳት። ያን ቃል ካልኩት ሁለት ዓመቴ ነበር። እሱማ ስንት ዓመቱ እንደሆነ እግዜር ይወቅ።

ልወጣ ስል "ወልደ ሰንበት" አለኝ።

"ምን አሉኝ?"

"የክርስትና ስሜ ነው። እናትሽ ሲጸልዩ ያንሱኝ። እናቴ ከሞተች ወዲህ የሚያነሳኝ የለም።" ከዚያ ቆቡን ደፋና "መሸኛውን ነገ መጥተሽ ውሰጂ" አለኝ፣ ፊቱን ሳያሳየኝ።

እማማ መረቁን ተደግፈው ጠጡ። "ማን ባረከልን?" አሉኝ።

"ወልደ ሰንበት የሚባል የመንግሥት ሰው።"

"ምስኪን" አሉ፤ ሌላ አልጠየቁም። ከዚያን ዕለት ጀምሮ በየጠዋቱ ከታደሰ ቀጥለው ያነሱት ነበር። እኔም ጥግ ይዤ እሰማለሁ እንጂ አፌን አልከፈትኩም። በየካቲት ካድሬውን ወደ ሌላ አውራጃ ቀየሩት፤ የት እንደሆነ የሚያውቅ አላገኘሁም።

እማማ እስከ ሐምሌ ኖሩልኝ። ሊሙ ገነት ወስደን ቀበርናቸው፤ አባ ኦሊም በዚያ ጭቃ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ድረስ ሸኟቸው። በማግሥቱ ጠዋት ቤቱ ጭር አለብኝ። እማማ የሚቆሙበትን ቦታ ሳየው ካድሬው ትዝ አለኝ፤ ዛሬ ወልደ ሰንበትን ማን ያነሳዋል? ለራሴ የምለምነው ነገር አልነበረኝም። የሰው አደራ ግን እንዴት ይበላል? እያዘንኩም፣ እየደከመኝም ተነስቼ ቆምኩ። "ወልደ ሰንበትን አስበው" አልኩ። በዚያው ላበቃ ነበር፤ አፌ ግን አልዘጋ አለኝና "ታደሰንም" አልኩ። ከቆሙት ጋር ይሁን ካረፉት ጋር አልለየሁም። እግዜር ራሱ ይለየው።