በአባታችን ማሳ ላይ የተተከለው የዕድር ድንኳን

ልጄ ቤተሰቡን ሁሉ ይዘን ከዲላ ወጣ ብለን አንድ ሌሊት ሜዳ ላይ እንድናድር ሐሳብ ባቀረበች ጊዜ፣ እኔ አስቀድሜ የጠየቅሁት ስለ መጠለያው ነበር። እርሷ ትንንሽ የናይለን ድንኳኖች ተገዝተው እያንዳንዱ ባለትዳር ከልጆቹ ጋር በየራሱ እንዲያድር አስባለች። እኔ ግን ሁላችንም በአንድ ጣራ ሥር እንድንተኛ ፈለግሁ።

ልናይ ገበያ ስንሄድ ነጋዴው ሱቁ በር ላይ አንዱን ተክሎ አሳየን። ተንበርክኬ ገባሁ፤ ስወጣ ደግፈው አወጡኝ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ለአራት ሰው ነው።»

«አራቱን ሰዎች አይተሃቸዋል?» አልሁት።

ቤት ስንመለስ የመኝታውን ቦታ በወረቀት ላይ ነደፍሁ። ልጄ ከኋላዬ ቆማ ቆጠረች።

«አባባ፣ አሥራ አንድ ነው የጻፍከው። እኛ አሥር ነን።»

«ለዕቃ ነው።»

 የምናድርበትን ቦታ የመረጥሁት እኔ እንደሆንሁ ታውቃለች፤ ኢዲዶ የሚገኘው የአባታችን የቡና ማሳ ነው። ከማሳው በታች ታናሽ ወንድሜ ይኖራል። አባታችን ካረፈ በኋላ በድንበር ተጣልተን ስድስት ዓመት አልተነጋገርንም። ማን ይበልጥ እንደበደለ እዚህ አልመዝንም፤ እኔ የተናገርሁትን ግን አልረሳሁትም። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሳስተምር ኖሬ አንድ የይቅርታ ዓረፍተ ነገር ማውጣት ተስኖኝ ነበር። እንመጣለን ብዬ ልደውልለት ስልኬን ደጋግሜ አንሥቼ መልሼ አስቀመጥሁት።

ድንኳኑን ከሰፈራችን ዕድር ተዋስሁ። ለብዙ ዓመታት ጸሐፊ ሆኜ ስላገለገልሁ አልከለከሉኝም፤ ሊቀመንበሩ ብቻ «ሠርግ አለ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ሽርሽር ነው።»

«በዚህ ዕድሜ?» አሉና የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ሰጡኝ።

ወፍራም ሸራ፣ የብረት ቋሚዎች፣ ካስማና ገመድ ነው። ቅዳሜ ማለዳ በጭነት መኪና ኢዲዶ አደረስነው፤ ከማሳው ጫፍ፣ ከመንገዱ ዳር ባለው ገላጣ ቦታ ላይ ተከልነው። ከምንጣፉ ሥር የእንሰት ቅጠል ጎዘጎዝን። ልጆቹ የየራሳቸውን ቦታ ለመያዝ ይሻሙ ጀመር።

ገመዶቹን ገና አጥብቀን ሳንጨርስ አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው መጡ። ምንም ሳይሉ ገብተው ተቀመጡ። ከእርሳቸው በኋላ ሦስት ሰዎች፣ ቆይቶም ጎረቤቱ ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ገባ። ማንም ማን እንደሞተ አልጠየቀንም፤ እኛም የሞተ የለም ለማለት አፈርን። እንዲህ ያለ ድንኳን በማለዳ በድንገት ሲተከል ሰው ምን እንደሚያስብ፣ ያን ሁሉ የለቅሶ መዝገብ የጻፍሁ እኔ እንዴት እንደዘነጋሁት እስካሁን ይገርመኛል።

እኔ ከድንኳኑ ጀርባ ካስማ እየመታሁ ሳለሁ የሞተር ብስክሌት ድምፅ ሰማሁ። ወዲያው አንድ ሰው «ጋሼ! ጋሼዬን!» እያለ ሲያለቅስ ድምፁን ለየሁት። መዶሻውን እንደያዝሁ ዞሬ ብቅ አልሁ። ወንድሜ ደረቱን እየመታ ከበሩ ደርሶ ነበር። እኔን ሲያይ እጁ ባለበት ቀረ።

«አልሞትክም?»

«አልሞትሁም።»

«ታዲያ ይሄ ድንኳን ምንድን ነው?»

«ለሽርሽር ነው።»

«ከዲላ መጥተው በአባታችን ማሳ ላይ ድንኳን ጣሉ ሲሉኝ ለቀብር ያመጡህ መሰለኝ እኮ!» አለና መሬት ላይ ተቀምጦ አሁን ከፊተኛው የበለጠ አለቀሰ።

«እኔስ እንባዬን ጨርሻለሁ» አሉ አሮጊቷ፤ «ከመጣሁ አይቀር ቆጮ ካላችሁ አቅርቡልኝ።»

ለቀስተኛው ሁሉ ሳቀ። ከወንድሜ አጠገብ ተቀመጥሁ። በስድስት ዓመት ውስጥ ካዘጋጀኋቸው ንግግሮች አንዱም አልመጣልኝም።

«በድንበሩ ጊዜ የተናገርሁህን ባልናገርህ ይሻለኝ ነበር» አልሁት።

ፊቱን በእጅጌው ጠረገ። እኔን ሳይሆን ድንኳኑን ነበር የሚያየው፤ ብዙ አየው።

«በሩን ወደ ዳገት ከፍታችሁታል። ሲዘንብ ጎርፉ ሰተት ብሎ ይገባላችኋል። ይህን ሁሉ መጽሐፍ አንብበህ ይሄ ጠፋህ?»

ነቀልነው። ሊያለቅሱ የመጡት ሰዎች ቋሚዎቹን ያዙ፤ እኛ ሸራውን አዞርን። ወንድሜ ከላይ በኩል ውሃ የሚያሳልፍ ቦይ ቆፈረ። ገመዱን ሳጠብቅ እጄን ያዘኝ፦ «አታክርረው፤ ሲረጥብ ይኮማተርና ካስማውን ይነቅለዋል።» እጄን ወዲያው አልለቀቀውም።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ መጣ። ወንድሜ ቦዩን ሊያይ ወጥቶ ርሶ ተመለሰ። ውሃው በቦዩ በኩል ተጠማዝዞ ወደ ቡናው ወረደ፤ ከውስጥ ያለው ምንጣፍ አንድ ጠብታ አልነካውም። ልጆቹ በየቦታቸው ተዘርግተዋል። ከመካከለኛው ቋሚ አጠገብ አንድ ቦታ ባዶ ነበር።

«ይሄ የማን ነው?» አለ ወንድሜ።

ልጄ ቀደመችኝ። «የዕቃ ነው፤ አባባ ከዲላ ጀምሮ ይዞታል።»

«ያንተ ነው» አልሁት።

 ጫማውን አወለቀ።

«ለከርሞ ስትመጡ ከላዩ ቀይ ጨርቅ ስቀሉበት» አለ፤ «ይሄ ጎረቤት ሁለተኛ በከንቱ አያለቅስላችሁም።»

የራሰ ኮቱንም አውልቆ ቋሚው ላይ ሰቀለው።