ቀዩን ዓሣ የላጥኩ ቀን

እሁድ ጠዋት ነበር... ጋምቤላ ገና ክልል በተባለች ሰሞን። ከተከራየሁት ክፍል ደጃፍ፣ ማንጎው ሥር ተንበርክኬ የመሥሪያ ቤቱን ሞተር ሳይክል እያጠብኩ ነው። ከአዲስ አበባ አዲስ ስቲከር ተልኮልናል፤ የክልሉ ስም በትልቁ የተጻፈበት፣ ዳርና ዳሩ አረንጓዴ መስመር ያለው። የድሮው ክፍለ ሀገር ስም ተልጦ ይሄ ይለጠፍ ተብለናል።

ያኔ የወባ መከላከል ሠራተኛ ነኝ። ከደብረ ማርቆስ ተመድቤ ከመጣሁ ሰባት ወር ሆኖኛል። በነዚያ ሰባት ወራት አንድ ሰው እንኳ በሬን አንኳኩቶ አያውቅም። የሬዲዮ ዜና አንባቢው «ጤና ይስጥልኝ» ሲል «አብሮ ይስጥልኝ» ብዬ የምመልስለት ሰው ሆኜ ነበር... ከዚያ በላይ ምን ልበላችሁ።

የዝውውር ማመልከቻ ጽፌያለሁ። ሁለት ወር ሙሉ ደረት ኪሴ ውስጥ ይዤው ስዞር ያላስገባሁት በአንድ ነገር ምክንያት ነው፤ በኢታንግ መንገድ ሰዎች። ሞተሬ ከሩቅ ብቅ ሲል ከየጎጆው ይወጣሉ። ሴቶቹ ዘነዘናቸውን አቁመው፣ ሽማግሌዎቹ ፒፓቸውን ከአፋቸው አውጥተው እጃቸውን ያነሳሉ፣ «ማሌ... ማሌ» ይላሉ። የኑዌር ሰላምታ ነው። እኔም በሄልሜትና በአቧራ ፎጣ እንደተጀቦንኩ አንድ እጄን አንስቼ «ማሌ» ብዬ አልፋለሁ። ቆሜ አላውቅም፤ ሥራዬ ያለው ኢታንግ ነው። ማታ ግን ጋደም ስል «ይወዱኛል» እላለሁ ለራሴ። በዚያች ነበር የምኖረው።

ወደ ሞተሩ ልመለስ። ከክፍለ ሀገሩ ስም ሌላ በግራና በቀኝ የጎን ፕላስቲኩ ላይ አንድ አንድ ቀይ ዓሣ ተለጥፏል። በመቀስ የተቆረጠ፣ ጅራቱ ከራሱ የሚበልጥ፣ መልከ ጥፉ ዓሣ። ከኔ በፊት ሞተሩን ይነዳ የነበረው ሠራተኛ ነው አሉ የሠራው። እሱንም ላጥኩት።

የጋምቤላን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሙጫው ፕላስቲኩን አንዴ ከያዘ አለቀ፣ ማስተካከል የለም። ስለዚህ ፀሐይ ሳይበረታ ፕላስቲኩን በሳሙና ውኃ አረጠብኩና ስቲከሩን እያንሸራተትኩ ቦታው ላይ አደረስኩት። ከሥሩ ያለውን ውኃ በአሮጌ የራጅ ፊልም ከመሐል ወደ ዳር ገፋሁት። አየር የቋጠረውን በመርፌ ወጋ አደረግኩ... የወባ ሠራተኛ መርፌ አያጣም። ሲያልቅ ራቅ ብዬ አየሁት፤ አምሮበታል። የማሳየው ሰው ፈልጌ ግቢውን ዞር ዞር ብዬ ቃኘሁ። ማንም አልነበረም።

ሰኞ ደረቴን ነፍቼ ወደ ኢታንግ ወጣሁ።

የመጀመሪያው መንደር... ዝም። አንዷ ሴት ቀና ብላ አየችኝና ወደ ሙቀጫዋ ተመለሰች። ሁለተኛውም ዝም። ሦስተኛው ላይ ራሴ ቀድሜ እጄን አነሳሁ። አንድ ሽማግሌ ምን ፈልጎ ነው በሚል ዓይን አዩኝ። ለቅሶ ያለ መሰለኝና ለመጀመሪያ ጊዜ ሞተሬን አቆምኩ።

መንገድ ዳር ዓሣ ያሰጣች ሴት ሕፃኗን አቅፋ ተቀምጣለች።

«እህቴ፣ ዛሬ ምን ሆናችሁ ነው?» አልኳት።

«አንተ አዲስ ነህ?»

«ምን አዲስ... ሰባት ወር ሙሉ ሳልፍ ሳገድም ማሌ ስትሉኝ አልነበር?»

ሞተሩን አየች፣ እኔን አየች።

«እዚህ የሚያልፈው የዓሣ ሞተር ነው። ያንተ ዓሣ የለውም።»

«ያው ሞተር ነው። ዓሣውን ትናንት ልጬው ነው።»

«የዓሣው ሰውዬስ የት አለ?» አለችኝ።

«ወደ መቲ ከተማ ተዛውሯል። ሰባት ወሩ።»

ሕፃኗን ወደ እኔ አዞረቻት። «ምጥ ሲይዘኝ በሞተር ሐኪም ቤት የወሰደኝ እሱ ነው። ሁልጊዜ ይቆማል፣ ይቀመጣል፣ ይጫወታል። አሁን ግን እንጠራዋለን፣ እጅ ያነሳል፣ ያልፋል። ምን አደረግነው ስንል ነበር እኮ።»

ሄልሜቴን ያወለቅኩት ያን ጊዜ ነው። በጣም አፈርኩ፤ ደግሞም አዘንኩ። እኔ በነሱ ሰላምታ ስጽናና እነሱ በኔ ሰላምታ ሲቀየሙ ኖረናል።

«ስምህ ማነው?» አለችኝ። ከፔሮልና ከፊርማ ውጪ ስሜን የጠየቀኝ ሰው ከነበረ እንጃ። ነገርኳት። ደግማ ጠራችውና ለጎረቤቶቿ በቋንቋቸው ነገረቻቸው። ሞተሬን አስነስቼ ስሄድ እጁን ያነሳ የለም።

ቤቴ ገብቼ ዓሣውን ከቆሻሻ ውስጥ ለቀምኩት። ሙጫው አፈር ጠጥቶ አልይዝ አለ። በቁስል ፕላስተር ሞተሩ ላይ አጣበቅኩትና በማግስቱ ወጣሁ። ሴትየዋ ከሩቅ አይታው ሳቀች፤ ከዚያ በስሜ ጠራችኝ። ቆምኩ።

ማመልከቻውን ግን አስገባሁት። ብቸኝነቱ እንዲህ በአንድ ቀን የሚለቅ አልነበረም። ዝውውሩ እስኪመጣ በየመንደሩ እየቆምኩ ሠራሁ፤ የመጣ ለትም በኢታንግ መንገድ ወርጄ አንድ በአንድ ተሰናበትኳቸው፣ ከኔ በኋላ የሚመጣው ልጅ የኔን ሰላምታ እንዳይወስድ።

ይኸው ዛሬ ጡረተኛ ነኝ... ሰው ከሩቅ እጁን ሲያነሳልኝ አሁንም መጀመሪያ ዞር ብዬ ከኋላዬ ማን እንዳለ አያለሁ።