መውደቅ ያስተማረችው አሰልጣኝ

መስቱራ ተማም የሆኪ አሰልጣኝ ስትሆን በበረዶ ላይ አንድ እርምጃ እንኳ ተራምዳ አታውቅም ነበር። አትሳቁ! ነገሩ እንዲህ ነው።

ጅማ ሳለች የስፖርት አስተማሪ ነበረች። የሴቶች መረብ ኳስ ቡድኗ በክፍለ ሀገሩ ስም ነበረው፤ ፊሽካዋን ስትነፋ እንኳን ተማሪው ዳይሬክተሩም ቀጥ ይል ነበር ይባላል። ከባሏ ከጀላል ጋር ቶሮንቶ የገቡት በፈረንጆቹ 1983 ነው። ሴንት ጄምስ ታውን፣ አስራ ስድስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ጠባብ አፓርትመንት ተከራዩ። ጀላል ታክሲ መንዳት ያዘ፤ እሷ ኢስት ዮርክ ውስጥ አንድ የሆኪ ሜዳ፣ እነሱ አሬና የሚሉት፣ በጽዳት ተቀጠረች። ዲፕሎማ ይኑራት አይኑራት የጠየቃት ሰው የለም። እሷም አላነሳችም፤ መጥረጊያዋን ይዛ ሥራዋን ጀመረች።

ከሰዓት በኋላና ማታ ሜዳው የወንዶች ነበር። ለሴቶቹ የሚደርሳቸው ቅዳሜ ከንጋቱ አስራ ሁለት ሰዓት፣ ወንዶቹ ገና አልጋቸው ውስጥ ሲገላበጡ ነው። አስራ አራት ልጃገረዶች ዓይናቸውን እያሹ፣ ከራሳቸው የሚከብድ ቦርሳ እየጎተቱ ይመጣሉ። ይህ ነገር መስቱራን ያንገበግባት ነበር። "ሴት ስለሆኑ ነው እንጂ ሌላ ምን ምክንያት አለው?" እያለች ጀላልን ታፋጥጠዋለች፤ ሰዓቱን የደለደለው እሱ ይመስል።

በ1984 መጨረሻ ላይ አሰልጣኛቸው ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቶ ሄደ። ተተኪ ጠፋ። ልጆቹ ግን መምጣታቸውን አልተዉም፤ ያለ መሪ ይዞራሉ፣ ይጋጫሉ፣ ይነጫነጫሉ። መስቱራ ወንበር ሥር እየጠረገች ሦስት ቅዳሜ ታገሰች። በአራተኛው አልቻለችም። መጥረጊያዋን ግድግዳ አስደገፈችና በሁለት ጣቷ አፏጨች። አስራ አራቱም ዞሩ።

"አንቺ ረጅሟ! ሲደክምሽ ውጪ እንጂ! ሌላዋ ትግባ! ሳንባሽ የብረት ነው እንዴ?"

ረጅሟ ዶና የምትባል የአስራ አምስት ዓመት ልጅ፣ የቡድኑ አምበል ነበረች። እንዲህ ያለ እንግሊዝኛ በዕድሜዋ ሰምታ አታውቅም። ግን ወጣች።

ከዚያ ቀን በኋላ መጥረጊያዋን አስቀምጣ ከሜዳው ጠርዝ መቆም ልማዷ ሆነ። ሆኪን ያወቀችው ከተመልካች ወንበር ነው፤ ወንዶቹ ሲጫወቱ እየጠረገች ታያለች፣ ቤቷ ገብታ በደብተር ትጽፋለች። አንዲት ተጫዋች ከአንድ ደቂቃ በላይ በረዶው ላይ ከቆየች እግሯ እንደሚከዳት አስተዋለች። ስለዚህ ሰዓቷን እያየች "በቃ!" ብላ ትጮኻለች፤ አምስቱ ይወጣሉ፣ አምስቱ ይገባሉ። በቃ የሚለውን አማርኛ ያልተማረች ልጅ አልነበረችም። በዚያ ክረምት ዘጠኝ ጨዋታ አሸነፉ። ያለፈው ዓመት ሁለት ነበር፤ ሁለት ብቻ!

ምን ያደርጋል፣ በ1985 መኸር ላይ ከውድድሩ ኮሚቴ ደብዳቤ መጣ። አሰልጣኙ እስከ ጥር መጨረሻ የምስክር ወረቀት ካላገኘ ቡድኑ ይፈርሳል፤ የቅዳሜው ሰዓትም ለወንዶች ይሰጣል። ወረቀቱን ለማግኘት ደግሞ በረዶ ላይ መፈተን ግድ ነው። መስቱራ ደብዳቤውን ሁለቴ አነበበችው። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር።

"ተይው በቃ፤ ሌላ ሰው ይፈልጉ" አላት ጀላል።

"ማንን? አንድ ዓመት ሙሉ የት ነበር ሌላ ሰው?" ብላ አፈጠጠችበት። "ልማራለሁ፣ ኢንሻአላህ።"

በማግስቱ ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ የበረዶ ጫማ ገዝታ መጣች። ነጭ፣ ተረከዙ ከፍ ያለ፣ የሚያምር። የወንዱ ጥቁር፣ የሴቱ ነጭ መስሏት ነው እኮ! ቅዳሜ ሻሿን አጥብቃ ገባች። ወደፊት ገፋ ስትል በግንባሯ ተደፋች። ተነሳች፤ ደግማ ተደፋች። እንዲህ ሦስት ሳምንት ሙሉ። ልጆቹ ያያሉ፣ እርስ በርስ ይተያያሉ፣ ዝም። በመጨረሻ ዶና በሀፍረት ቀልታ ቀረበቻት።

"ኮች... ይሄ ጫማ የዳንስ ነው። ጫፉ ላይ ጥርስ አለው። የሚጥልሽ እሱ ነው።"

"ሦስት ሳምንት አፍንጫዬ ሲላጥ ዝም ብላችሁ ታያላችሁ?"

"አምሮብሽ ስለነበር ነው" አለች አንዷ ትንሽ ልጅ ከኋላ።

ይሉኝታ ያለው ሐበሻ ብቻ ይመስላት ነበር። ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ልጆቹም ጉድ እስኪባል ሳቁ።

ትክክለኛውን ጫማ ካገኘች በኋላ ዶና አስተማሪ፣ መስቱራ ተማሪ ሆኑ። መጀመሪያ የተማረችው መሄድ አልነበረም፤ መውደቅ ነው። ጉልበትን ሰበር አድርጎ በጎን መተኛት፣ ጣት በጫማው ስለት እንዳይቆረጥ ጡጫ መጨበጥ፣ ከዚያ በአንድ ጉልበት መነሳት። ሁሉንም በደብተሯ ጻፈች፤ የፈራችውን ሳይቀር። ሰውነቷ በልዞ ሲከርም ጎረቤቷ እማማ ቦጋለች ሊፍት ውስጥ አገጯን አይተው ደነገጡ።

"ምነው ልጄ? ጀላል እጁን አነሳብሽ እንዴ?"

"ኧረ እርስዎ ደግሞ እማማ! በረዶ ላይ ወድቄ ነው።"

እማማ አላመኗትም። ምስኪን ጀላል! ወር ሙሉ ሰላምታውን አልመለሱለትም።

ፈተናው በጥር መጨረሻ እሁድ፣ ኖርዝ ዮርክ ውስጥ ነበር። ተፈታኞቹ ሰባት ናቸው፤ ስድስቱ ወንዶች፣ ሁሉም ልጅ ሆነው የተጫወቱ። ፈታኙ ዱጋን የሚባል ሽበታም፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። በመጀመሪያው ክፍል ሜዳውን ዞሮ መቆም ነበረባቸው። ወንዶቹ በረዶውን እየረጩ ቀጥ አሉ። መስቱራ እየተንገዳገደች ዞረች፤ መቆም ግን አቅቷት ከጠርዙ ጋር ተላተመች። ዱጋን ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጻፈ። አስራ አራቱ ልጆች በፊቷ ድቅን አሉባት።

ሁለተኛው ክፍል ማስተማር ነው። በረዶ ረግጠው የማያውቁትን የካፍቴሪያዋን ሠራተኛ፣ ከትሪኒዳድ የመጡ ሃምሳ ዓመት የሚጠጋቸው ሴትዮ፣ እየተፈራረቁ ማስተማር። ወንዶቹ "እንዲህ አድርጊ" እያሉ በሚያምር አካሄድ ያሳያሉ። እንዲህ ማለት እንዴት እንደሆነ ግን የሚናገር ጠፋ። ሴትዮዋ ሁለቴ ወደቁ፤ የመስቱራ ተራ ሲደርስ ጠርዙን ሙጭጭ ብለው ይዘው "በቃኝ" አሉ።

"ፈሩ አይደል?" አለቻቸው።

"በጣም።"

"ከኋላ ወድቀው ጭንቅላትዎ የሚፈርስ እየመሰለዎት ነው።"

"በምን አወቅሽ?"

"አሁን ስዞር እኔም መስሎኝ ነበር። በሉ መጀመሪያ አብረን እንውደቅ።"

አብረው ወደቁ፤ በጎን፣ ጡጫቸውን ጨብጠው። ሴትዮዋ ምንም እንዳልሆኑ ሲያውቁ ሳቃቸው ሜዳውን ሞላው። ተነሱ፣ ደግመው ወደቁ፣ ተነሱ። ከዚያ መስቱራ "እግርዎን አይዩ፣ እኔን ይዩ" እያለች ወደኋላ ቀስ በቀስ ፈቀቅ አለች። ሴትዮዋ ጠርዙን ለቀቁ። ስምንት እርምጃ ሄዱ፤ ብቻቸውን! "ልጆቼ ባዩኝ!" ብለው ጮኹ።

ዱጋን ቀረበ። "አካሄድሽ ደካማ ነው፤ አቋቋምሽ ደግሞ ከዚያም ይብሳል።"

"አውቃለሁ።"

"እኔ በረዶ ላይ የወጣሁት በሦስት ዓመቴ ነው። እንዴት እንደተማርኩ አላስታውስም። እነዚህም አያስታውሱም። አንቺ ታስታውሻለሽ።" ወረቀቱን ፈርሞ ሰጣት።

ልብስ መቀየሪያው ደጃፍ ላይ ዶና ቆማለች። ሳትነግራት በባስ መጥታ ኖሯል።

"ሰዓታችንን ወሰዱብን?"

መስቱራ ልትመልስላት አፏን ከፈተች፤ እንባዋ ቀደማት። ልጅቷን አንገቷን አቅፋ ከጅማ ከወጣች ጀምሮ ያልወጣላትን ልቅሶ ለቀቀችው፤ የደስታ ነበር። ከዚያ ፊቷን በሻሿ ጠረገችና የአስተማሪ ድምጿን አወጣች።

"ቅዳሜ አስራ ሁለት ሰዓት። ያረፈደች ደረጃውን አስር ጊዜ ትሮጣለች!"

ቅዳሜ ሲነጋጋ የሜዳውን በር ልትከፍት ስትመጣ አስራ አራቱም ቦርሳቸው ላይ ተቀምጠው ይጠብቋት ነበር።