ከባጃጅ ነጂው ጋር ከታረቅን በኋላ

ልጄ አዲስ መኪና በገዛ በወሩ፣ ቡሬ መገንጠያው ላይ አንድ ባጃጅ መኪናውን ገጭቶ በሩን ጨረመተው። ነጂው በማግስቱ ሽማግሌ ይዞ ቤታችን መጣና እግሬ ላይ ወደቀ። «ተነሥ፣ ይቅር ብለንሃል። መኪናውን ኢንሹራንስ ያሠራዋል» አልኩት።

ከልጄ ጋር ኢንሹራንሱ ቢሮ ሄጄ ይህን ስነግረው ሠራተኛው ደነገጠ። «እማማ፣ ሳይጠይቁን ይታረቃሉ እንዴ? ለጥገናው የምናወጣውን እኮ ከእሱ ነው የምንጠይቀው።»

«እርቁስ?»

«እርቁ የእርስዎ ነው። እኛ እንከሳለን።»

መኪናው ፍኖተ ሰላም ጋራዥ ገብቶ እንደ አዲስ ሆኖ ወጣ። እኔ ግን መቀመጥ አቃተኝ፤ በር በተንኳኳ ቁጥር ሽማግሌዎቹ መጡ እያልኩ እነሣለሁ። በመጨረሻ ልጄን «መጥሪያው ሳይደርሰው ሰውየው ቤት አድርሰኝ፤ ከእኔ ይስማ» አልኩት።

«በዚህ መኪና?» አለኝ።

ነጠላዬን ለብሼ በእግሬ ወጣሁ።