ሰማይ ጥይት አያቆምም

ጋሼ የምላቸው አጎቴ፣ ከምላጩ ሥር ያለውን እጀታ ወደ ታች ገፍተው የሚያቀባብሉት አሮጌ የአደን ጠመንጃ ነበራቸው። ሲገዙት የኖኅን መርከብ የጠበቀ ይመስል ነበር። ብሬብሩክ በሚባለው ሰፈራችን ባለው ጋራዣቸው ውስጥ ሰደፉን በዘይት እያሹ ወጣት አደረጉት። አምና መንግሥት በፍጥነት ደጋግመው የሚተኩሱትን ጠመንጃዎች ከሕዝቡ ሲሰበስብም ይህ ዓይነቱ ተርፏል።

አንድ ቅዳሜ ወዳጃቸው በሆነ ገበሬ መሬት ላይ አደን ሄድን። ግማሽ አህጉር በእግራችን ካቋረጥን በኋላ አንድ አጋዘን ከፊታችን ካለ ጉብታ አናት ላይ ቆመ። ጋሼ አቀባብለው አነጣጠሩ። ትንፋሼን ዋጥኩ። አልተኮሱም።

«ይተኩሱ እንጂ ጋሼ! እስኪያረጅ ነው የሚጠብቁት?»

«ከኋላው ምን አለ?»

«ሰማይ ነዋ!»

«ሰማይ ጥይት አያቆምም» አሉና አፈሙዙን ዝቅ አደረጉ።

አጋዘኑ አመለጠ። እኔ ገና ስነጫነጭ፣ አጋዘኑ ከቆመበት ጀርባ ገበሬው ብቅ አለ። የጠፋ በጉን እየፈለገ ነበር፤ እጁን አወዛወዘልን። ጋሼ ጥይቱን አውጥተው ሣሩ ላይ ተቀመጡ። እኔም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ ጠፋኝ።

ጋሼን ባለፈው ሳምንት ቀበርናቸው። ሕጉ እንደሚያዘው ጠመንጃውን ለፖሊስ ስላስረከብን፣ የብረት ሣጥኑ ባዶውን ተከፍቶ ቀርቷል። ገበሬው ሦስት ሰዓት ነድቶ ለቀብሩ መጣ። አቅፌ አልለቀው ስል፣ ያን ቅዳሜ ከምን እንደተረፈ ስላልነገርነው፣ ሐዘኑ የበረታብኝ መስሎት ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ።