አላየሁም ያልኩት አጋዘን

ሜሮን የልጄ ልጅ ናት፤ የዱር አራዊት መኖሪያን በካርታ የሚለይ መስሪያ ቤት ነው የምትሰራው። ያን ቀን እዚሁ ልደታ ኮንዶሚኒየም ቤታችን ሶፋው ላይ ሆና፣ ኮምፒውተሯን ጭኗ ላይ አድርጋ ስትሰራ ጎንበስ ብዬ ባይ የወንዙን መታጠፊያ አወቅሁት። ተወልጄ ያደግሁበት ነው። ማንበብ አላውቅም፤ ወንዜ ግን አይጠፋኝም።

አረንጓዴው መስመር ምንድን ነው ብላት፣ ውስጡ ያለው የአራዊቱ ነው፣ አይታረስም፣ አይቆረጥም አለችኝ። የቀርከሃው ገደል ከመስመሩ ውጪ ነበር። ለምን እንደወጣ አውቃለሁ። ጻፊው አልኳት፤ ይኸው እየጻፈች ነው።

ያኔ አስራ ሰባት አስራ ስምንት ቢሆነኝ ነው። ጥቅምት ነበር፤ ገብሱ ቢጫ ሆኗል፣ የመንገዱ ጭቃ ደርቋል፣ ጠዋት ጠዋት ውርጩ እግር ይቆርጣል። ካርታ የሚያነሱ ሰዎች ከከተማ መጡ፣ የጋራ ደናችንን ለአራዊቱ ሊከልሉ። ከአውሮፕላን የተነሳ ፎቶ ይዘዋል፤ ፎቶው ግን ዛፉን እንጂ ከስሩ ማን እንደሚያድር አያሳይም። ስለዚህ እንጨት የምንለቅም ሴቶችን ጠየቁን።

ሙሉነሽ አብሮ አደጌ ናት፣ ለመናገር አታፍርም። አለቃቸው እሷን መረጠ። የመለኪያ ዘንጉን ይዛለት ከፊት ከፊቱ ጫካ ለጫካ ትሄዳለች፤ ስትመለስ ባርኔጣውን ደፍታ ነው። እኔ ቆሎ ቁይ ተባልኩ። እሳቱ ፊቴን ይለበልበኛል፣ የእሷ ሳቅ ደግሞ ከወዲያ ይሰማኛል። የበለጠ ያቃጠለኝ የትኛው እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ደኑን እኮ ከእሷ በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ። አጋዘን የምትወልድበትን የቀርከሃ ገደል፣ ለማንም እንዳትናገሪ ብዬ ያሳየኋትም እኔ ነኝ። ከሁለታችን በቀር የሚያውቀው አልነበረም።

በመጨረሻው ቀን ሰውዬው የደኑን መልክ ሜዳ ላይ በአመድ አሰመረና ባቄላ ሰጠን። አራዊት ያየንበት ላይ አንድ አንድ ባቄላ እናስቀምጣለን፤ ባቄላ ያለበት ቦታ ይከለላል። ግን የአንድ ሰው ቃል አይበቃም፤ ሁለተኛ ሰው አይቻለሁ ካላለ ባቄላው ይነሳል። ሙሉነሽ ተንበርክካ ገደሉ ላይ አስቀመጠች። አጋዘን እዚህ ትወልዳለች አለች፣ ራሷ ያገኘችው አስመስላ። ሰውዬው ጎበዝ አላት።

ከዛ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺስ፣ አይተሻል?»

«አላየሁም» አልኩ።

ሙሉነሽ ቀና ብላ አየችኝ። ይቺ አይደለች ያሳየችኝ ማለት ትችል ነበር፤ አላለችም። አንዷ ከኋላ «ሙሉዬ፣ የጎረቤት ፍየል ይሆናል ያየሽው» አለችና ሰው ሁሉ ሳቀ። ሰውዬው ባቄላዋን አንስቶ እጄ ላይ አስቀመጣት፣ ከቆሎው ጋር ቁያት ብሎ። ቆልቼ በላኋት። በደንብም አልበሰለችም ነበር።

መስመሩ ገደሉን ትቶት አለፈ። ሁለት አመት ሳይሞላ ቀርከሃው ተመነጠረ፣ ድንች ተዘራበት። አጋዘኗን ከዛ ወዲህ አየሁ ያለ የለም።

ሜሮን ይህን ስትሰማ መጻፉን ትታ አየችኝ። ድንቹ ከቀረ ቆይቷል፣ ቀርከሃው መልሶ በቅሏል ብላ ፎቶውን አሳየችኝ። ድሮ አጋዘን ይወልድበት እንደነበር የሚመሰክር ከተገኘ ወደ መስመሩ ሊገባ ይችላል አለች። ይኸው እኔ አለሁ አልኳት።

«እኛም ሁለት ሰው ነው የምንጠይቀው፣ እምዬ። ሌላ የሚያውቅ ሰው ያስታውሳሉ?»

ሙሉነሽ እዚሁ ጌጃ ሰፈር ናት፤ ከእኔ በኋላ አግብታ መጣች። በልደታ ንግስ ስንገናኝ ተሳስመን ስለ ጤና እንጠያየቃለን፤ ያቺን ባቄላ አንድም ቀን አላነሳችብኝም።

ነገ እሷ ጋ ውሰጂኝ ብያታለሁ ሜሮንን። ዱላዬን በሩ ጋ አስጠግቼዋለሁ። መጀመሪያ የምናገረው እኔ ነኝ፣ ውሸቴንም ጭምር። ግን ይሄንንም ጻፊው ሜሮን፤ እሷ አይቻለሁ ስትልሽ፣ አንቺ ደግሞ ጎበዝ ስትያት ይታየኛል፣ ከአሁኑ እየበላኝ ነው።