የልጄ ድርሻ

ስም አልጽፍም። የልጄንም፣ የጎረቤቴንም፣ የሊቀመንበሯንም ስም አልጽፍም። ደርግ ሄዷል ይሉኛል፤ እወ፣ አዎን፣ ሄዷል። ፍርሃቱ ግን እኔ ቤት ቀርቷል፤ በር ሲንኳኳ አሁንም መጀመሪያ በመስኮት አያለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ያስተማሩኝ በአማርኛ ስለሆነ እጄ የሚያውቀው እሱን ነው። የተሳሳትኩት ካለ ይቅር በሉኝ።

ሓዝሓዝ የሚባል ሰፈር ስንኖር ከቤታችን በላይ አንድ ጠፍ ቦታ ነበር። በጣልያን ጊዜ ጃርዲን፣ የአበባ አትክልት ቦታ፣ ነበር ይባላል። እኔ ያየሁት ግን በለስና ቆሻሻ፣ ከላይ ጥቂት ባሕር ዛፍ፣ መሀሉ ላይ ውሃ የማይወጣው የድንጋይ ገንዳ ብቻ ነው። ቀበሌው ይህን መናፈሻ እናደርገዋለን አለ። ከታች ከአስፋልቱ እስከ ባሕር ዛፎቹ ድረስ የእግር መንገድ ይወጣለታል፣ ግራና ቀኙ ድንጋይ ይደረደርበታል፣ ድንጋዩ ኖራ ይቀባል ተባለ። ሥራው እሁድ እሁድ፣ ከቅዳሴ ስንወጣ።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበሯ ገመድ ይዛ ትመጣለች። በየቤቱ ለሥራ ለደረሰ ሰው ሁሉ አንድ አንድ ገመድ መንገድ ትለካለታለች። አንድ ሰው ያለው ቤት አንድ ገመድ፣ አራት ያለው አራት። ያቺን ድርሻህን ትቆፍራለህ፣ ትደለድላለህ፣ ድንጋይህን ትደረድራለህ፣ ትቀባለህ። ማን መጣ ማን ቀረ ለማለት ስም መጥራት አያስፈልግም ነበር። መንገዱን ማየት ይበቃል። የቀረ ሰው ድርሻ እንደ ወለቀ ጥርስ ከሩቅ ይታያል።

የኔ ቤት ሁለት ገመድ ነበረው፤ የኔና የትልቋ ልጄ። ባሌ ከሞተ ቆይቷል። ትንሿ ልጄ ገና ስለሆነች አትቆጠርም። መጀመሪያ ላይ ትልቋ አብራኝ ሠርታለች። ዶማውን ከእጄ ትቀማኝና ድንጋይ ልቀሚ ትለኝ ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥታ ምሳዋን በላችና ጸጸራት ሰፈር ጓደኛዬ ቤት ሄጄ ላጥና አለች። ሂጂ አልኳት። አልተመለሰችም።

ፖሊስ ጋ አልሄድኩም። አልጋዋ ሥር አየሁ። አዲሱ ጫማዋ አለ፣ አሮጌው የለም። ወፍራሙ ሹራቧ የለም። ገባኝ። ሜዳ ወጥታለች፤ ወደ ታጋዮቹ። ያን ጊዜ ልጅ ከቤት ሲጠፋ ሌላ የሚሄድበት አልነበረም። ቁጭ አልኩ። ግድግዳችን ስስ ስለሆነ ድምፅ አውጥቼ ማልቀስም አልቻልኩም።

ልጁ ሜዳ የወጣበት ቤት ምን እንደሚደርስበት ሰው ሁሉ ያውቃል። እናትየዋን ይወስዷታል። የት አለች፣ ማን ወሰዳት፣ ማን ያውቃል ይሏታል። ተወስዳ የተመለሰች አለች፤ ያልተመለሰችም አለች። እኔ ከተወሰድኩ ትንሿን ማን ያበላታል? ዘመድ የለኝም። ሌት ተቀን የማስበው ይህንኑ ነበር።

እሁድ ደረሰ። ዶማዬን ይዤ ወጣሁ። ሊቀመንበሯ ቀና ስትል እኔን ሳይሆን ከጎኔ ያለውን ባዶ ነው ያየችው። ጓዲት፣ ልጅሽስ አለችኝ። ዘመድ ጋ ሄደች እንዳልል ከከተማ ለመውጣት የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ወረቀቱን የምትሰጠው ደግሞ እሷው ናት። አገባች ማለትም አይሆንም፤ ሠርጓን ማን በላ? አፌ ላይ የመጣልኝ አንድ ነገር ነው። ታማለች አልኩ።

ይህን ከማለት ዝም ብል ይሻለኝ ነበር። በኛ ከተማ ታመመች ማለት ኑና ጠይቋት ማለት ነው። ሲደነግጡ ይህም ይረሳል። ሴቶቹ ሁሉ ዶማቸውን አቁመው ውይ፣ ምን አገኛት አሉ። ትኩሳት ነው አልኩ። እንግዲያስ ሥራችንን ጨርሰን እንመጣለን አሉ። አትድከሙ ማለት አይቻልም። ጠያቂ በር ላይ የሚመልስ ሰው በኛ ዘንድ ታይቶ አይታወቅም።

የዚያን ቀን የልጄን ገመድ ጭምር ሠራሁ። ወገቤ ተቆረጠ። አጠገቤ ያለው ድርሻ ግድግዳ የምንጋራው የጎረቤቴ፣ የሻምበሉ ሚስት፣ ነበር። ከጎንደር የመጣች ናት፤ ባሏ የጦር መኮንን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ግንባር ነው። ትንንሽ ልጆች አሏት፤ ከኔ በዕድሜ ታንሳለች፣ እትዬ ነበር የምትለኝ። ኖራ መበጥበጥ አትችልበትም ነበር፤ ውሃ ታበዛለች። አንዷ ጎረቤታችን ባልዲዋን አየት አድርጋ፣ «የሻምበል ሚስት፣ ይሄ ለድንጋይ ነው ወይስ ለአራስ? አጥሚት አደረግሽውኮ» አለቻት። ሁሉም ሳቁ። እሷም ሳቀች። እኔም ከንፈሬን ከፈት አደረግኩ። ልቤ ግን እቤት ነበር። ቀድሜያቸው እንድገባ ቶሎ ቶሎ ድንጋይ እደረድር ነበር።

ቀድሜ ገባሁ። አልጋው ላይ ትራስ በቁመቱ አስተኛሁ፣ ልብስ ጠቅልዬ ከሥሩ ጨመርኩ፣ ጋቢ አለበስኩት። መጋረጃውን ዘጋሁ። ትንሿን እኅትሽ ተኝታለች በይ አልኳት። አየችኝ። እወ አለች። ሕፃን እንዲህ ያለ ነገር ቶሎ ይገባዋል።

መጡ። እጃቸው ላይ ኖራ እንደደረቀ፣ ነጠላቸው አፈር እንደለበሰ። ወተት የያዘች አለች፣ ዳቦ የያዘች አለች፣ ሊቀመንበሯ ብርቱካን ይዛለች። ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ይህን ልጽፍላት ይገባል። ቤቱ ሞላ። ሻሂ አፈላሁ። የሞላ ስኒ ላይ ደግሜ ቀዳሁ፤ ልጇ ስለታመመችባት ነው አሉ። እስቲ እንያት አሉ። ተኝታለች አልኩ። ያቺ አጥሚት ያለችው ጎረቤታችን ታዲያ፣ የሻምበል ሚስት ድሬሰር ነበረች አይደል፣ እሷ ገባ ብላ ትያት አለች። እውነት ነው፣ ከማግባቷ በፊት ሆስፒታል ሠርታለች። ሁሉም እወ፣ እሷ ትያት አሉ።

ልከለክላት ብነሳም ቀደመችኝ። መጋረጃውን ገልጣ ገባች። የመኮንን ሚስት ናት። አለቀልኝ አልኩ። ትንሿን እቅፌ ውስጥ አስገባኋት። የሰማሁት ድምፅ የለም። ሻሂ የሚጠጡት ሴቶች ስለ ስኳር መጥፋት ያወራሉ። እኔ ደግሞ ልጄን ለማን አደራ ልስጣት እያልኩ ፊታቸውን አንድ በአንድ አያለሁ።

ወጣች። ፊቷ ላይ ምንም ነገር የለም። እጄን ልታጠብ አለች። ውሃ አፈሰስኩላት። እየታጠበች ለሴቶቹ፣ «የወፍ በሽታ ነው። ዓይኗ ቢጫ ሆኗል። ልጆች ያሏችሁ ባትገቡ ይሻላል፣ ይጋባል» አለች።

ሴቶቹ ስኒያቸውን አስቀመጡ። እግዜር ይማርልሽ እያሉ አንድ በአንድ ወጡ።

እሷ የመጨረሻዋ ሆና ቀረች። እግሯ ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል ክንዴን ያዘችኝ። ሁለታችን ብቻ ሆነን በዚያ ጉዳይ የተነጋገርነው ይህንን ብቻ ነው።

«ወዴት እንደሄደች ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

«አላውቅም።»

«እኔም የእሱን አላውቅም። ግንባር ነኝ ይላል እንጂ የቱ እንደሆነ አይነግረኝም።»

ሄደች። ያን ቀን እፎይ አላልኩም። እንዲያውም ፍርሃቴ ባሰ። ቀድሞ ማንም አያውቅም ነበር፤ አሁን አንዲት ሰው ታውቃለች። ያቺም ሰው የምትተኛው ከማን ጋር ነው? ባሏ ፈቃድ ሲመጣ በዚህ ስስ ግድግዳ ሳቃቸው ይሰማኝ ነበር። ጆሮዬን አስጠግቼ ስለ ልጄ ያወሩ እንደሆነ አዳምጥ ነበር። ምንም አልሰማሁም። ባሰብኝ።

በተከታዩ እሁድ ሊቀመንበሯ ወደ ድርሻዬ መጣች። ስለ ልጄ አስባ አድራለች። የወፍ በሽታ ቀላል አይደለም፣ እንዲሁ ቤት ማስተኛት አይሆንም፣ ከቀበሌው ጋር ተነጋግሬ ማኪና አግኝቻለሁ፣ ነገ ጠዋት መጥተን ሆስፒታል እናስገባታለን አለችኝ። የቐንየለይ አልኳት፤ እግዜር ይስጥልኝ ማለት ነው። ሌላ ምን እላለሁ? ዶማውን ይዤ ቆምኩ።

የሻምበሉ ሚስት ድንጋይ እየቀባች ነበር። ቀና እንኳ አላለችም።

«ዘገየሽ፣ ጓዲት» አለች። «ልጅቷ አዲስ አበባ ነው ያለችው። ባለቤቴ በአንቶኖቭ አሳፈረልኝ። ሆስፒታል ተኝታለች፣ እኅቴ ናት የምትጠይቃት።»

ሊቀመንበሯ ፊቷ ተለዋወጠ። «ከእኛ የይለፍ ወረቀት ሳትወስድ?»

«የጦሩ አውሮፕላን የቀበሌ ወረቀት ይጠይቃል እንዴ? ከፈለግሽ ሻምበሉ ሲመጣ እሱን ጠይቂው።»

ሻምበልን ማን ይጠይቃል። ሊቀመንበሯ ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም ብላ ወደኔ ዞረች። በድንጋጤ ነው አልኩ። ጥሩ ነው፣ እዚያ ሐኪሙ ይሻላል ብላ ገመዷን እየጠቀለለች ሄደች። እኛ ሁለታችን አልተያየንም። እሷ ድንጋይዋን ቀባች፣ እኔ የልጄን ድርሻ ቆፈርኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጄ አዲስ አበባ ተኛች። ሴቶቹ ሲጠይቁኝ ደህና ናት፣ ቀስ እያለ ነው እላለሁ። ውሸቱን ያበጀችልኝ የሻምበል ሚስት ናት፣ ተደግፌ የቆምኩት በባሏ ስም ነው። ባሏ ደግሞ የሚዋጋው እነማንን ነው?

መንገዱ ወደ ባሕር ዛፎቹ ሲቃረብ ክረምት ገባ። አንድ ማለዳ፣ ገና ሰው ወደ ዳቦ ቤት ሳይወጣ፣ ሊቀመንበሯ በሬን አንኳኳች። መጡብኝ ብዬ ትንሿን ከአልጋ አንስቼ ጫማዋን አጠልቅላት ጀመር። ለኔ አልነበረም። ሻምበሉ ሞቷል፣ መርዶ ልንነግር ነውና ነይ፣ የቅርብ ጎረቤቷ አንቺ ነሽ አለችኝ።

ሄድኩ። አልሄድም ማለት ይቻል ነበር? ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለብሼ ከሴቶቹ ጋር ገባሁ። ገና ስታየን አወቀች። ከበዋት ይዘዋት ነበር፣ እኔም ከያዟት አንዷ ነበርኩ። ክንዷን ይዤ ሳለሁ ስለ እሷ ማሰብ አቃተኝ። የት ነው የሞተው፣ ያን ጊዜ ልጄ የት ነበረች፣ በእጇ ምን ይዛ ነበር፣ ይህን ነው ያሰብኩት። የማን ጥይት እንደሆነ ማን ያውቃል። ግን ከዚያ ሁሉ ሴት ይህንን ማሰብ የነበረብኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። ሌላም ነገር አሰብኩ፤ እንዲህ መጻፉ ይከብዳል፤ ከእንግዲህ ለምን ትደብቀኛለች ብዬ ፈራሁ። እሷ ስታለቅስ እኔ ለራሴ ፈራሁ።

ለቅሶ ቤት በየቀኑ ሄድኩ። ባልሄድ ይታወቃል፤ ስሄድ ደግሞ ፊት ለፊቷ መቀመጥ አለብኝ። ድንኳኑ ውስጥ መኮንኖች አሉ፣ የቀበሌ ሰዎች አሉ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝም ተብሎ ሳለ ቀና ብላ አየችኝና፣ ሁሉም እየሰማ፣ «እትዬ፣ ልጅሽስ እንዴት ሆነች?» አለችኝ።

ሊቀመንበሯም ዞራ አየችኝ። ከሐዘንተኛዋ አጠገብ የተቀመጠው መኮንንም አየኝ። በአንድ ቃል ልታጠፋኝ ትችላለች፤ መብቷም መሰለኝ።

«ደህና ናት መሰለኝ» አልኩ። «ወሬዋ አልመጣልኝም።»

ከዚያ ለአጠገቧ መኮንን፣ ይህቺ ጎረቤቴ ናት፣ ልጇ ታማባት ሻምበል ነው ወደ አዲስ አበባ ያሳፈራት አለችው። መኮንኑ ነፍሱን ይማር፣ ደግ ሰው ነበር አለ። ሁሉም ነፍሱን ይማር አሉ። እኔም አልኩ። ያን ጊዜ አለቀስኩ፣ ሴቶቹ ለሻምበሉ ነው ብለው ትከሻዬን ያዙኝ። ለማን እንደሆነ እኔም አላውቅም። ልጄን ጠብቅልኝ ብዬ እጸልይ ነበር፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን ቃሉ አፌ ላይ እየደረሰ ይቆምብኝ ጀመር።

ከአርባው በኋላ ልጆቿን ይዛ ወደ አገሯ ሄደች። ስትሄድ ሳመችኝ። ቤቷ ተዘጋ።

እሁድ ሥራ ወጣን። የእሷ ድርሻ፣ ክረምቱ አፈሩን ጠርጎት፣ ድንጋዩ ተንከባሎ ነበር። ሊቀመንበሯ ገመዷን ዘርግታ ለካችውና ወደኔ መጣች። አጠገብሽ ስለሆነ ይሄንንም አንቺ ያዢው አለችኝ።

«ይበዛብሻል፣ አውቃለሁ» አለች። «ልጅሽ ድና ስትመጣ ታግዝሻለች።»

እወ አልኳትና ዶማዬን አነሳሁ።